የአሮጌዋ ሴሊካ ኤርባግ፦ የሥራ ማስታወሻ ከደሴ

ቅዳሜ

መኪናዋ ቶዮታ ሴሊካ ናት። ሰባተኛው ትውልድ የሚባለው፣ ፊቷ ሹል ያለው፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 ያመረታት። የእኔዋ የ2001 ናት፣ ሞተሯ 1.8 ሊትር። ስፖርት መኪና ለደሴ ዳገት ምን ይሠራል የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ልክ ነው፣ ምንም አይሠራም። ግን ወደድኳት፣ በቃ። የቤንዚን መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ሰው በእጁ ያለውን አሮጌ እያከመ ነው የሚነዳው፤ እኔም ከሰው አልለይም።

ይሄን ማስታወሻ መጻፍ የጀመርኩት በክላክሷ ምክንያት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ሐረጎን ታውቁታላችሁ። ጉም የወረደ ቀን ከታች የሚመጣውን አይሱዙ የምታዩት አፍንጫችሁ ሥር ሲደርስ ነው። እዚያ ክላክስ ጌጥ አይደለም። የእኔዋ መሪው ቀጥ ሲል ትጮኻለች፣ ወደ ግራም ትጮኻለች፣ ወደ ቀኝ ጥምዝ ሲል ግን ዝም። ለዚያውም በሚያስፈልግበት ሰዓት።

ክላክስ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ነገር ግን የክላክሱ ሽቦ እና የሹፌሩ ኤርባግ ሽቦ መሪው ውስጥ የሚያልፉት በአንድ ዕቃ ነው። ክሎክ ስፕሪንግ ይሉታል፣ ቶዮታ ራሱ ስፓይራል ኬብል ይለዋል። መሪው ይዞራል፣ የመሪው ዘንግ ያለበት ቤት አይዞርም፤ በሁለቱ መካከል ሽቦው ሳይበጠስ እንዲያልፍ የተደረገ ጥቅል ነው። ይሄ ዕቃ ሲደክም ብዙ ጊዜ ክላክሱና ኤርባጉ ተያይዘው ይሄዳሉ። አሮጌ ሴሊካ የያዙ ሰዎች የኤርባግ መብራት በራብኝ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ታዲያ የእኔ መኪና የኤርባግ መብራት አልበራም። ይሄ ነው ያሳሰበኝ።

ቅዳሜ ማታ

መብራቱ አልበራም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ጤነኛ መኪና ላይ ቁልፉን ኦን ስታደርጉ የኤርባግ መብራቱ 6 ሰከንድ ያህል በርቶ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ራሱን እየፈተሸ ነው። እኔ ቁልፉን ደጋግሜ ከፈትኩ ዘጋሁ፣ የዘይቱ በራ፣ የባትሪው በራ፣ የፍሬኑ በራ፣ ያቺ የተቀመጠ ሰውና ክብ ኳስ ያለባት ቀይ ምልክት ግን ጭራሽ ብልጭ አላለችም።

ክሩስኮቱን ፈታሁ። ጌጆቹ ያሉበትን ሳጥን አውጥቼ ጀርባውን ወደ ላይ ገለበጥኩት። ትንንሾቹ አምፖሎች እያንዳንዳቸው በፕላስቲክ መያዣ ተጠምዝዘው ገብተዋል። አንዱን መያዣ ሳወጣው ባዶ ነው። አምፖሏ የለችም። መያዣው ተመልሶ በጥንቃቄ ገብቷል፣ አቧራው ላይ የጣት አሻራ ሳይቀር አለ።

የሸጠልኝ ደላላ "መብራት የሚባል ነገር አይበራባትም፣ ራስህ እይ" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ አይበራባትም! አንዳንዱ አምፖሉን ያወጣል፣ አንዳንዱ ጥቁር ናስትሮ ይለጥፍበታል። በጣም የተራቀቀው ደግሞ የኤርባጉን መብራት ከዘይቱ መብራት ጋር ያገናኘዋል፤ ቁልፍ ሲከፈት አብሮ ይበራል፣ ሞተር ሲነሳ አብሮ ይጠፋል፣ ገዢው ደስ ብሎት ይሄዳል። ስለዚህ መኪና ስታዩ መብራቶቹ እንዴት እንደሚጠፉ ልብ በሉ። የኤርባጉ መብራት፣ ሞተር ሳይነሳም፣ በራሱ ጊዜ መጥፋት አለበት።

ፒያሳ ካለው ሱቄ አንዲት ትንሽ አምፖል አምጥቼ ከተትኩ። (ሞባይልና ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ እንደዚህ ያለ ነገር አይጠፋብኝም።) ቁልፉን ከፈትኩ። በራች። ስድስት ሰከንድ፣ አስር፣ ሃያ። አልጠፋችም።

እሁድ

ዛሬ ኮድ ማንበብ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር ማየት። ብዙ ሰው ያላት ያቺ ርካሽ የብሉቱዝ ስካነር፣ ኢኤልኤም 327 የምትባለው፣ "ምንም ችግር የለም" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እሷ የምታነጋግረው የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ነው። የኤርባጉ ኮምፒውተር ሌላ ሳጥን ነው፣ መሃል ላይ ካምቢዮው አካባቢ ወለሉ ላይ ታስሮ የተቀመጠ። በርካሽ ስካነር "ንጹህ ናት" ተብላችሁ መኪና እንዳትገዙ።

የዚያን ዘመን ቶዮታዎች ግን አንድ ደግ ነገር አላቸው። ከመሪው ሥር ያለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ 13ኛውን (ቲሲ) እና 4ኛውን (ሲጂ) በአጭር ሽቦ ካገናኛችሁ መኪናዋ ኮዷን በመብራት ብልጭታ ትነግራችኋለች። ስካነር አያስፈልግም። አደራ፣ 16ኛው ቀዳዳ የባትሪ ፖዘቲቭ ነው፣ እሱን ከ4 ጋር ያገናኘ ሰው ፊውዝ ፍለጋ ይሄዳል። እኔ በባትሪ መብራት እያየሁ ከጫፍ ቆጥሬ፣ ደግሜ ቆጥሬ ነው ያስገባሁት።

ቁልፉን ከፈትኩ። የሞተሩም የኤቢኤሱም የኤርባጉም መብራት በአንድ ላይ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመሩ። ችግር የሌለበት ሳያቋርጥ በፍጥነት ይበራል ይጠፋል። የኤርባጉ ግን አንዴ ብልጭ አለ፣ ቆም አለ፣ አራት ጊዜ ብልጭ አለ። ረዘም ያለ ዝምታ። እንደገና አንድ፣ አራት።

ኮድ 14። የሹፌሩ ኤርባግ መስመር ተቋርጧል ማለት ነው። 13 ቢሆን መስመሩ እርስ በርሱ ተገናኝቷል፣ 11 ቢሆን ከቦዲ ጋር ተነካክቷል፣ 12 ቢሆን ከባትሪ ፖዘቲቭ ጋር። የተሳፋሪው ወገን ቢሆን 53 ወይም 54 ነበር የሚወጣው። 14 ከክላክሱ ጋር ሲደመር ጣቱን የሚቀስረው ወደ ስፓይራል ኬብሉ ነው። ግን ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም፤ ኤርባጉ ራሱ፣ ኬብሉ፣ ወይም ከሥር ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ሰኞ ማታ

ሰኞ ገበያ አካባቢ ወዳለው የሰፈራችን አውቶ ኤሌክትሪሺያን ጎራ አልኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከእኔ ዕድሜ በላይ ሽቦ ሲያስሩ የኖሩ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ሳቅ አሉ።

"አንተ ልጅ፣ ለዚህ ነው እንዲህ ጭንቅ ያልከው? ሁለት ኦም ሬዚስተር ክተትበት፣ በናስትሮ ጠቅልለው፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ትነዳለህ።"

"ጋሼ፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ኤርባጉስ?"

"ኤርባጉን ምን አደርገዋለሁ ብለህ ነው? ስትጋጭ?"

"አዎ፣ ስጋጭ።"

"አትጋጫ!"

ሻይ አዘዙልኝና ሌላ ወሬ ጀመርን። እሳቸው የሚሉት ነገር እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የብዙ መኪና ኤርባግ እንደዚህ ነው "የተጠገነው"። ኤርባጉ ውስጥ ያለችው ማቀጣጠያ ኤሌክትሪክን ሁለት ኦም ገደማ ትቋቋማለች (ኦም የመቋቋም መለኪያ ነው)። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ እየላከ ያንን ቁጥር ያያል። ቁጥሩ ካለ "ኤርባጉ አለ" ይላል። ስለዚህ በኤርባጉ ቦታ ያንኑ ያህል የምትቋቋም የአንድ ብር ሬዚስተር ብታስሩለት ኮምፒውተሩ ያምናል። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ለሬዚስተሯ "ፈንጂ!" ብሎ ያዛል። ሬዚስተሯ ትቃጠላለች፣ ሌላ ምንም የለም።

ግን ከእሳቸው ሱቅ ስወጣ ኪሴ ውስጥ ሁለት የሁለት ኦም ሬዚስተር ነበረኝ። ለመደበቅ ሳይሆን ለመመርመር። ሐሳቡ ሻዩን እየጠጣሁ ነው የመጣልኝ።

ረቡዕ

ኤርባግ ማውጣት። እዚህ ላይ ቀስ እላለሁ፣ እናንተም ቀስ በሉ።

ቁልፉ ተዘግቶ ወጣ። በ10 ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁና ራቅ አድርጌ አሰርኩት። ከዚያ መጠበቅ። የቶዮታ መመሪያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባትሪ በአደጋው ቢበጠስም ኤርባጉን ለማፈንዳት የሚበቃ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር አለ፣ እሱ እስኪያልቅ ነው። እኔ ቡና እስኪፈላ ጠበቅኩ። ደሴ በዚህ ወቅት ብርዱ ስለሚያቆራምድ ለቡናውም ምክንያት አልጠፋም።

ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ነው የቆሙት። ከመሪው ግራና ቀኝ ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች አሉ፣ ከሥራቸው ባለኮከብ ጭንቅላት ቡሎን፣ ቁጥሩ ቲ 30። ሁለቱ ሲላሉ የመሪው መሃል ወደ እናንተ ይመጣል። ከኋላው ቢጫ ሶኬት አለ። መኪና ውስጥ ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽቦ ስታዩ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ፣ የኤርባግ መስመር ነው።

ኤርባጉን ስትይዙት ፊቱ ከሰውነታችሁ ውጭ ይሁን። ስታስቀምጡት ፊቱ ወደ ላይ። በግንባሩ ከደፋችሁትና ድንገት ቢፈነዳ ብረቱ ወደ ጣሪያ ነው የሚወነጨፈው። ከመንካቴ በፊት የመኪናዋን ባዶ ብረት ነካሁ፣ የሹራብ ኤሌክትሪክ እንዳይኖርብኝ። እና ትልቁ ነገር፦ ቴስተር አታስጠጉበት። ኦም ለመለካት ቴስተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ ማቀጣጠያዋን ከሚያስነሳው ኤሌክትሪክ የሚለየው መጠኑ ብቻ ነው። የታወቀ ጠጋኝ ሲያደርገው ብታዩም እንዳትከተሉት። ኤርባጉን ዕቃ ቤት ከትቼ ቆለፍኩበት፣ የአከራዬ ልጆች የማይከፍቱት ነገር የለም።

ሐሙስ

የሬዚስተሮቹ ቀን።

መጀመሪያ ሬዚስተሯን ኤርባጉ በነበረበት ቦታ፣ ከኬብሉ በላይ ባለው ሶኬት ላይ ሰካሁ። ባትሪ መለስኩ፣ ኮድ አነበብኩ። መሪው ቀጥ ሲል መብራቱ ጠፍቶ ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር፤ ወደ ቀኝ ስጠመዝዘው በራ፣ 14። ስለዚህ ጥፋቱ ኤርባጉ አይደለም፣ ኤርባጉማ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል።

ባትሪ ፈታሁ፣ ጠበቅኩ። አሁን ሬዚስተሯን ከኬብሉ በታች፣ ከመሪው ዘንግ ሥር ባለው ቢጫ ሶኬት ላይ አደረግኳት፣ ማለትም ስፓይራል ኬብሉን ከመንገድ አስወጣሁት። መሪውን ወደ ቀኝም ወደ ግራም እስከ መጨረሻው አዞርኩ። መብራቱ ጸጥ። ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ሽቦ ንጹህ ነው። መሃል የቀረው ኬብሉ ብቻ ነው።

ያቺው ጋሼ ለመደበቂያ የሰጡኝ ሬዚስተር ናት እንግዲህ ወንጀለኛውን ያጋለጠችው።

አሁንም በቴስተር ላረጋግጥ ፈለግኩ (ኤርባጉ ስለሌለበት ኬብሉን ብቻውን መለካት ይቻላል)። እዚህ ጋ ግን ወጥመድ አለ። የኤርባግ ሶኬት ሲነቀል ውስጡ ያለች ቀጭን የብረት ምላስ ሁለቱን ጫፎች ታገናኛቸዋለች። በድንገት ኤሌክትሪክ ቢመጣ ማቀጣጠያዋ እንዳትነሳ የተሠራች ጥበቃ ናት። ይሄን ያላወቀ ሰው ሲለካ ኬብሉ ራሱ ላይ ያለውን ነገር ሳይሆን ምላሷን ነው የሚለካው፣ "ሽቦው ተነካክቷል" ብሎ ይፈርዳል። መፍትሔው ከሶኬቱ ጫፍ ጋር የሚመጣጠን ውፍረት ያለው ወረቀት በምላሷና በጫፎቹ መሃል ማስገባት ነው። ቶዮታ ራሱ የሚመክረው ይሄንኑ ነው። እኔ የሲም ካርድ ማሸጊያ ካርቶን ቆርጬ በጥፍሬ ጫፍ እየገፋሁ አስገባሁ። አሁን ንባቡ እውነተኛ ሆነ። ቀጥ ሲል ከአንድ ኦም በታች። ወደ ቀኝ ሲዞር ቁጥሩ ዘለለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጠፋ። የክላክሱም መስመር እንደዚሁ።

አርብ ማታ

መሪው ወጣ። 19 ቁልፍ ነው። ሁለት ምክር፦ መሪውንና ዘንጉን በነጭ ቀለም አንድ ላይ ምልክት አድርጉባቸው፣ አለበለዚያ መሪው ጠማማ ሆኖ ይመለሳል። እና ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አታውጡት፣ ሁለት ሦስት ጥርስ ይቅር። መሪው ሲላቀቅ በኃይል ነው የሚመጣው፣ ጥርሳችሁን ታድናላችሁ።

አሮጌውን ኬብል ከፈትኩት። ውስጡ እንደ ካሴት ክር የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ላስቲክ ነው፣ በመሃሉ ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ያሉት። ስልክ በምጠግንበት አጉሊ መነጽር ሥር አየሁት። ክሩ አቅጣጫ በሚለውጥበት እጥፋት ላይ፣ መዳቡ ላይ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር። ክሩን ሳጎብጠው መስመሯ ትከፈታለች፣ ስለቀው ትዘጋለች። የሐረጎ ክላክሴን ነጥቆኝ የነበረው እሷ ናት። ከጎኗ ያለው መስመርም ጀምሮታል።

በያጅ ላይዘው እችል ነበር። እጄ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይታማም፣ ከዚህ የቀጠነ ብዙ ይዣለሁ። ግን አልያዝኩትም። ብየዳው ያለበት ቦታ ይደርቃል፣ ክሩ ደግሞ መሪ በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፤ ነገ ከጎኑ ይሰነጠቃል። ስልክ ቢሆን ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል። ኤርባግ የሚፈተነው አንድ ቀን ነው፣ የሚነፋውም በሰከንድ መቶኛ ክፍሎች ውስጥ ነው። እንደዚያ ላለ ዕቃ "ለጊዜው ይሠራል" አይበቃም።

ዕቃ ፍለጋ ላይ

ሶማሌ ተራ ያሉ ልጆች ያገለገለ አለን አሉኝ። ያገለገለ ሞተር እገዛለሁ፣ ያገለገለ ካምቢዮ እገዛለሁ። ያገለገለ ስፓይራል ኬብል ግን የእኔው ዕድሜ፣ የእኔው እጥፋት፣ ምናልባትም የእኔው ስንጥቅ ነው። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ አዲስ እንድትገዛልኝ ጠየቅኩ። የአሮጌውን ጀርባ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት፣ ቁጥሩ ፊደል በፊደል እንዲገጥም። ዋጋውን ስትነግረኝ ትንሽ ዝም አልኩ። "ምነው ዝም አልክ? ልግዛው አልግዛው?" አለች። ግዢው አልኳት።

እስኪመጣ ድረስ መሪው ተመልሶ ገጥሟል። ለክላክስ ጊዜያዊ ነገር አደረግኩ፦ የቶዮታ ክላክስ ቁልፍ የሚያደርገው የሪሌውን ሽቦ ከቦዲ ጋር ማገናኘት ብቻ ስለሆነ ከመሪው ሥር አንዲት የበር ደወል ቁልፍ አሰርኩ። ታስቃለች፣ ግን ትጮኻለች። ኤርባጉን አልመለስኩትም፣ ኮምቦልቻም በመኪናዋ አልወረድኩም።

ጥበቃው ላይ እያለሁ ነገሩ በሰፈሩ ተሰማና ሰው ሁሉ "የእኔንስ እይልኝ" ማለት ጀመረ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛዬ ኮሮላ አለው፣ ጎረቤታችን ያሪስ። መብራታቸው በደንብ በርቶ በደንብ ይጠፋል። እንግዲያው ደህና ነን አይደል? አሉኝ።

ይሄ ላይ ረዘም ያለ መልስ ሰጠኋቸው። መብራቱ የሚያየው ሽቦውን ነው፣ ባሩዱን አያይም። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ኤርባግ የሚነፋበትን ጋዝ ለመፍጠር አሞኒየም ናይትሬት ይጠቀም ነበር። ይሄ ነገር ለዓመታት እርጥበት ሲያገኘው፣ ቀን ሲሞቅ ማታ ሲቀዘቅዝ ሲኖር ይለወጣል። አደጋ ሲደርስ ከልክ በላይ በፍጥነት ይነድዳል፣ የያዘውን የብረት ቆርቆሮ ይበጣጥሰዋል፣ ስብርባሪው በጨርቁ አልፎ ሹፌሩ አንገት ላይ ይደርሳል። ቀላል ግጭት፣ ሰው በእግሩ ወርዶ የሚሄድበት ግጭት፣ ሰው ገድሏል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ ኤርባጎች እንዲለወጡ ታዘዘ። ኩባንያው በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ አመለከተ። ዝርዝሩ ውስጥ ከ2003 እስከ 2013 የተሠሩ ኮሮላዎች አሉ፣ ያሪስም አለ፤ ከስፖርቶቹ ሆንዳ ኤስ 2000 እና ሌክሰስ ኤስሲ 430 አሉበት። በእነዚህ ሁሉ መኪናዎች ላይ መብራቱ ምንም አይናገርም።

"ደሴ ብርድ ነው፣ እኛ ጋ አይሞቅም" አለ ጎረቤቴ። መኪናው ግን ደሴ አልተወለደም። አንዱ ባሕረ ሰላጤው አገር አሥር ዓመት ፀሐይ ላይ ቆሞ የመጣ ነው፣ ሌላው በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ሲመላለስ የኖረ ነው። የሚሻለው ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ማስገባት፣ ወይም ወኪሉ ጋ ሄዶ መጠየቅ ነው። የጓደኛዬን ኮሮላ ቁጥር አስገባን፣ ጥሪ አለበት፣ ማለትም አምራቹ ኤርባጉ እንዲለወጥ ጠርቶታል። የተሳፋሪው ወገን። አሁን ሚስቱ ኋላ ነው የምትቀመጠው፣ እሱ ወኪሉን እየጠየቀ ነው።

ኮምቦልቻ ያለ ቢኤምደብሊው የያዘ ልጅ ደግሞ መብራቱ የሚበራው ሰው ከጎኑ ሲቀመጥ ነው አለኝ። እነሱ ጋ የታወቀው በሽታ የተሳፋሪው መቀመጫ ውስጥ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ስስ ምንጣፍ ነው። ካልሆነም ከመቀመጫው ሥር ያለው ቢጫ ሶኬት፣ መቀመጫ ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲባል የሚጎተተው። እሱን ሌላ ጊዜ አየዋለሁ፣ መጀመሪያ የራሴን ልጨርስ።

ቅዳሜ፣ ዕቃው ደረሰ

ከዱባይ አዲስ አበባ በሰው እጅ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ መናኸሪያ በአውቶቡስ። ሲመጣ መሃሉ ላይ ቢጫ ፒን ተሰክቶበታል። ፒኗ ክሩን መሃል ላይ የያዘች ናት፣ ቦታው ላይ ሳይታሰር አትነቀልም። ፒን የሌለው ከገጠማችሁ፦ የፊት ጎማዎች ቀጥ ይበሉ፣ ኬብሉን በእጅ ወደ ግራ እስኪከብድ ድረስ አዙሩ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ሁለት ዙር ተኩል ገደማ መልሱና ሁለቱን ምልክቶች አገጣጥሙ። ወደ እያንዳንዱ አቅጣጫ ሁለት ዙር ተኩል ነው ያለው። ይሄን ያልጠበቀ ሰው አዲሱን ኬብል በመጀመሪያው ሙሉ ዙር ይበጥሰዋል፣ ሳያውቀውም ሌላ ይገዛል።

ባትሪ ተፈታ፣ ተጠበቀ። መሪው በምልክቱ ተመለሰ። ዳዶውን 50 ኒውተን ሜትር ላይ አጠበቅኩት፣ ልኩን የሚያሳየውን ቁልፍ ከጋሼ ተውሼ። ("መሪ በክንድ ነው የሚጠብቀው" አሉኝ፣ ሰጡኝ ግን።) ኤርባጉ ገባ፣ ሁለቱ ቡሎኖች 8.8 ላይ፣ ይሄ በጣም ትንሽ ነው፣ ጉልበት አያስፈልገውም። ቢጫው ሶኬት ቀጭ ሲል ሰማሁት። የበር ደወሉን ነቀልኩ።

ባትሪውን ስመልስ ማንንም መኪናው ውስጥ አላስቀመጥኩም። ቁልፉን ያዞርኩት በተሳፋሪው በር በኩል እጄን አስገብቼ፣ ፊቴን ከመሪው አርቄ ነው። ቀይዋ በራች። በልቤ ቆጠርኩ። ስድስት ላይ ጠፋች።

እሁድ፣ ኮምቦልቻ

ኮዱ ከኮምፒውተሩ ማህደር እንዲጠፋና ሌላ የተደበቀ ነገር ካለ እንዲታይ የኤርባግ ሳጥኑን የሚያነጋግር ትልቅ ስካነር ያለው ጋራዥ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ሐረጎን ስወርድ ጉም አልነበረም፣ ግን እያንዳንዱ ጥምዝ ላይ ክላክስ አደረግኩ፣ ግራም ቀኝም። በጎን የተቀመጠው ወንድሜ "ሙሽራ ይዘን ነው እንዴ የምንሄደው?" አለኝ።

ስካነሩ ያለፈውን 14 አሳየ፣ አጠፋነው። መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዟዙረን እንደገና አነበብን። ንጹህ። ልጁ ለንባቡ የጠየቀው ገንዘብ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ማስነበብ ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ አስቡት።

ማክሰኞ

የጋሼን ቁልፍ ልመልስ ስሄድ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ቪትዝ ቆማለች፣ የኤርባጉ መብራት በርቶባት። ባለቤቷ ከጎን ቆማለች፣ ነርስ ናት፣ ተረኛ ስለሆነች ቸኩላለች። ጋሼ ሬዚስተሩን በእጃቸው ይዘዋል። ሲያዩኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ና እስቲ፣ ያቺን የሽቦ ነገርህን አሳየኝ፣ 13 እና ስንት ነው ያልከው?"

"4 ጋሼ። 16ን እንዳይነኩ።"

"16ንማ አውቀዋለሁ፣ ፊውዝ የጨረስኩበት ነው።"

አገናኙ። አምስት ብልጭታ፣ ከዚያ አራት። 54፣ የተሳፋሪው መስመር ተቋርጧል። የጓንት ሳጥኑን አውጥተን በባትሪ መብራት ወደ ላይ አየን። ቢጫው ሶኬት ብቻውን ተንጠልጥሏል። ኤርባጉ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ ብረት ማቀፊያው ብቻ አለ። ከላይ ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ ክዳኑ ከሥር በሙጫ ተይዟል፤ ከዚህ በፊት ፈንድቶ የተሸፈነ ነው።

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አየች። "እናቴን እኮ ሁልጊዜ እዚህ ነው የማስቀምጣት" አለች። ጋሼ ሬዚስተሩን ኪሳቸው ከተቱና ሌላ ምንም ሳይሉ የአዲስ ኤርባግ ዋጋ እንዲጠይቁላት ስልካቸውን አወጡ። ያገለገለ እንዳይገዙ ነገርኳቸው፤ በየትኛው መኪና ላይ እንደነበረ፣ ከየትኛው ዝርዝር ውስጥ እንደወጣ አይታወቅም። እስኪገኝ እናትየው ኋላ ይቀመጡ፣ ቀበቶ ታስሮ፣ ብለን ተስማማን። መብራቱን እንደበራ ተውነው።